የግራ እግር ልክ

መስከረም 12፣ ከወጣሁ በሁለተኛው ዓመት

ለእትዬ፣

ናፍቆቴ በወረቀት አይሰፈርምና ሰላምታዬን ብቻ ተቀበይኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? ክር በመርፌ ማስገባት ሲያስቸግርሽ ልጄን ድንቢጥን ጥሪያት እንጂ አትታገይ። የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ለዚህ ነው የተፈጠረው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የምሠራበት ቤት ግማሹ ከመሬት በታች ነው። ስድስት ጫማ ሰፊዎች በርጩማ ላይ ተደርድረን እንውላለን። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ከመንገደኛው የሚታየን እግሩ ብቻ ነው። ጠዋት የሚቸኩል እግር፣ ከሰዓት በኋላ የደከመ እግር። የምናድረው እዚያው ፎቁ ላይ ስለሆነ መንገዳችን ደረጃው ብቻ ነው። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። እንዳይጠፋባችሁ ብሎ የሁላችንንም ፓስፖርት ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎልናል።

የድንቢጥ እናት ደብዳቤዬ ቤቷ እንዲገባ እንደማትፈልግ ጽፈሽልኛል። አልተቀየምኳትም። ስንለያይ የተባባልነውን እኔም አልረሳሁትም፣ ጥፋቱም የሚበዛው በእኔ ነው። ግን ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ዘንድ ስለምትውል አንድ ነገር ልለምንሽ። በየዓመቱ ጫማ ልሥራላት። ለዚህ የእግሯ ልክ ያስፈልገኛል። በቁጥር አይደለም፤ ቁጥር ለሱቅ ጫማ ነው። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፊ፣ ባዶ እግሯን አቁሚያት፣ እርሳሱን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ዙሪያውን አስምሪ። ተቀምጣ አይሆንም፤ እግር መልኩን የሚያሳየው ሰውየውን ሲሸከም ነው። ደግሞ ሁለቱንም። ሰው ሁለቱ እግሮቹ አንድ ዓይነት ይመስሉታል። መንታ አይደሉም፣ ወንድማማች ናቸው።

የእናታችን ምርቃት ካንቺ አይለይ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 30፣ ልጅቷ በስድስት ዓመቷ

ለወንድሜ ለጫማ ሰፊው፣

እንዴት ከረምክ? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን የስፌት መኪናው ጣጣ እንጂ የእድሜ አይደለም፤ እንዳታማኝ።

ያዘዝከውን አድርጌያለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ልብስ ስሰፋ የሰው ልክ መውሰድ ያስተማረኝ አልነበረም፣ ደግ፣ አንተ አስተማርከኝ። ልጅህ ግን አልቆም አለችኝ። እርሳሱ የውስጥ እግሯ ጋ ሲደርስ ሳቋን ለቀቀችውና መስመሩ ጉብ አለ። ላጥፋው ስል “ተይው አክስቴ፣ ሳቄ መሆኑን ንገሪው” አለች። እንግዲህ ጉብ ያለችው ነገር ሳቅ ናት፤ ጫማው ላይ እንዳትሰፋት።

ቀይ ትፈልጋለች። ማሰሪያ ያለው ይሁን፣ ማሰር ተምራለች። እናቷ ስምህ ሲነሳ ድስት ታንኳኳለች እንጂ ክፉ ቃል አይወጣትም። እሱም ደግነት ነው።

እጅህ አይዛል።

እህትህ

*

የካቲት 3፣ ከወጣሁ በአምስተኛው ዓመት

ለእትዬ፣

ከአንቺም ከመኪናሽም ጤና አይጉደል። ዘግይቼ ስለጻፍኩ አትቀየሚኝ፤ ትዕዛዝ በዝቶ ነው።

የዘንድሮው ልክ ደርሶኛል። ከበርጩማዬ በላይ ምስማር መትቼ የአራቱንም ዓመት በተራ ሰቅዬዋለሁ። ባልደረቦቼ “የሰው አባት ፎቶ ይሰቅላል፣ አንተ እግር ሰቀልክ” እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ፎቶ ፈገግ በይ ሲሏት የምትሆነውን ነው የሚያሳየኝ። ከዚህ ግን ብዙ ነገር አነባለሁ። ቀኝ ትንሿ ጣቷ ገባ ብላለች፤ የትምህርት ቤት ጫማዋ ጠቧት ነበር ማለት ነው፣ አውልቂላት። ክብደቷን በግራ ነው የምትጥለው። ሳቋም ቦታ ቀይሯል፤ ካቻምና መሐል ላይ ነበር፣ ዘንድሮ ወደ ተረከዟ ቀረብ ብሏል።

አሁን መጻፍ ከቻለች በራሷ እጅ ሁለት መስመር ብታክልልኝ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ

*

ሚያዝያ 19፣ ልጅቷ በዘጠኝ ዓመቷ

ለወንድሜ፣

ሰላም ይብዛልህ። ወረቀቱን ለራሷ ለድንቢጥ ሰጥቻታለሁ። ያረምኩት የለም፤ እንዳላርምም በእጇ ከልላ ነው የጻፈችው።

“አባዬ እንደምን አለህ እኔ ደህና ነኝ። ጫማው ቆንጆ ነው ግን ቀይ አሁን የሕፃን ነው በሚቀጥለው ቡኒ ይሁን። ጥያቄ አንድ፣ አለቃህ መሳቢያውን መቼ ነው የሚከፍተው? ጥያቄ ሁለት፣ እኔ በዚያ መንገድ ብሄድና በመስኮቱ እግሬ ብቻ ቢታይህ ታውቀኛለህ? መልሱን ለአክስቴ ሳይሆን ለኔ ጻፍ።”

ያው እንግዲህ፣ መልስ።

እህትህ

*

ግንቦት 21፣ ከወጣሁ በስምንተኛው ዓመት

ለእትዬ እና ለድንቢጥ፣

በያላችሁበት ደስታ ይግባ። ድንቢጤ፣ በዘጠኝ ዓመትሽ ለጠየቅሽኝ የሰጠሁሽን መልስ ዛሬም እደግመዋለሁ፤ እግርሽን ከሺህ እግር መሐል አውቀዋለሁ። ሌላኛው ጥያቄሽም መልስ አገኘ። አለቃዬን አነጋግሬው የስድስተኛ ክፍል ፈተናሽ እንዳለቀ እንድሄድ ፈቅዶልኛል። ሰኔ 30 ቀን በአውቶቡስ እደርሳለሁ። ከዚህ ጋር የላክሁትን ቡኒ ጫማ አድርገሽ ጠብቂኝ። መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፣ ቀጥዬ ፊትሽን።

አባትሽ

*

ሐምሌ 5፣ ልጅቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ

ለወንድሜ፣

ጤናህን አልጠይቅም፣ ደህና ባትሆን ኖሮ በነገሩኝ ነበር።

ሁለት ቀን አውቶቡስ ተራ ዋልን። የመጀመሪያው ቀን እናቷ ራሷ ፀጉሯን ሠርታ ነው የላከቻት፤ እሱን እወቅልኝ። ከእያንዳንዱ አውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ልጅህ ከእግሩ ጀምራ ታየዋለች። “ጫማ ሰፊ ጥሩ ጫማ ያደርጋል አይደል አክስቴ?” ትለኛለች። በሁለተኛው ቀን ወደ ማምሻው ላይ መጠየቅ ተወች። ቤት ስንገባ ጫማውን አውልቃ ማሰሪያውን አስራ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መሳቢያ፣ አለቃ፣ ትዕዛዝ እንዳትለኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

እህትህ

*

ነሐሴ 28፣ ከወጣሁ በስምንተኛው ዓመት

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። የእኔ መቅረቴን የሚናገረው ደብዳቤ ደግሞ አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው። መድረስ በነበረበት ቀን አልደረሰም፤ እንደ እኔው።

ሻንጣዬን ይዤ ወርጄ ነበር። አለቃዬ “የክረምቱ ትዕዛዝ ይለቅና” አለኝ። ፈቅደውልኝ ነበር ስለው “ፈቅጃለሁ፣ ዛሬ ግን አላልኩም” አለ። መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ዘጋው። ሻንጣዬን ይዤ ደረጃውን መልሼ ወጣሁ። ሌላ የምሄድበት አልነበረም፤ ያለ ፓስፖርት ከዚያ በር ወጥቼ ከሁለተኛው መታጠፊያ አላልፍም።

እትዬ፣ ትቀየመኝ፣ መብቷ ነው። አትጻፍልኝ። ግን የእግሯ ልክ እንዳይቀርብኝ። እዚህ ሁሉም ቀን አንድ ነው፤ ዓመት መሄዱን የማውቀው በእሷ እግር ነው። እሱ ካልመጣ ወስፌዬን የማነሳበትም ምክንያት አይታየኝም።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 14፣ ልጅቷ በአሥራ ሦስት ዓመቷ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የእግሯን ልክ ልኬልሃለሁ፣ ሁለቱንም። ትምህርት ስለበዛባት አልጻፈችም። ቁመቷን ብታይ! በል ደህና ሁን፣ የሙሽራ ልብስ ይዣለሁ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 9፣ ከወጣሁ በአሥረኛው ዓመት

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ካለሽበት ይድረስ። የዘንድሮው ልክ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። በጥንቃቄ ነው የተሠመረው። ያምናው ጫማ ተስማማት? የሚቆስላት ቦታ ካለ ጻፊልኝ። ከሌለም ጻፊልኝ።

ሌላ የምለው የለኝም። መስኮታችንን ከውጭ በኩል በብረት አጠሩት፤ እግሩ አሁን የሚታየው በፍርግርግ ነው።

ወንድምሽ

*

ጥር 25፣ ልጅቷ በአሥራ ስድስት ዓመቷ

ለወንድሜ፣

ክፉ አይንካህ። ጫማው ልክክ አለላት። ጓደኞቿ ሁሉ ከየት ነው ይሏታል። ፎቶ እንድልክ ጠይቀህ ነበር፣ ፎቶ አንሺው ተዘግቷል፤ ሲከፈት እናያለን። የዘንድሮው ልክ ይኸው። ዓይኔ ደክሞ ስለሆነ ደብዳቤዬ ቢያጥር አትፍረድብኝ።

እህትህ

*

መጋቢት 7፣ ልጅቷ በአሥራ ስምንት ዓመቷ

ለወንድሜ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። ይህን ስጽፍ እኔም ቁጭ ብዬ ነው።

ድንቢጥ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ወዲህ እግሯን አስለክታኝ አታውቅም። ያን ክረምት ወረቀት ሳነጥፍላት “ፊቴን የማያውቅ ሰው እግሬን ምን ያደርግለታል?” ብላኝ በወረቀቱ ላይ ረግጣ አለፈች። አንተ ደግሞ ወስፌ አላነሳም አልክ። በሁለታችሁ መሐል እኔ ምን ልሁን? የመጨረሻውን ልክ አወጣሁና ዙሪያውን ትንሽ ጨመርኩበት፣ የልጅ ቀሚስ እንደማሰፋው። በዓመቱም እንዲሁ። አምስት ዓመት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደ። አንድ ጊዜ ከጀመርኩት መውጫው ጠፋኝ። ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር ሳልከፍተው አሳድረው ነበር። አምስቱንም ጫማ ከጠረጴዛዬ ሥር ከቡኒው ጋር ደረደርኳቸው።

ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ልብሷን እንዳሳጥርላት መጣች። ዳቦ ቤት ሽያጭ ገብታለች። መርፌ ወድቆባት ስታጎነብስ አገኘቻቸው። አንድ በአንድ አውጥታ ሞከረቻቸው። የመጀመሪያው ጣቷን ጨመደዳት፣ የመጨረሻው ደግሞ እንደ ጀልባ ሆነ፤ አንዱም አልገጠማት። “አክስቴ፣ ይህ የማን እግር ነው?” አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንዱን አስተካክላ ግድግዳው ሥር ደረደረቻቸውና ወጣች።

ይኸው ሁለታችሁንም አጣሁ። ሰድበኝ፣ ግን ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ሰኔ 16፣ ከወጣሁ በአሥራ አራተኛው ዓመት

ለእትዬ፣

ሦስት ወር ያስቀመጥኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጽፍ አጥቼ ነው።

አውቅ ነበር።

ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የኖርነው፣ እትዬ። አንቺ በሙያሽ ነው የዋሸሽው፣ እኔም በሙያዬ ነው የያዝኩሽ። ቀሚስ ዙሪያውን እኩል ይሰፋል፤ እግር እንደዚያ አያድግም። ጣት ይረዝማል፣ ተረከዝ ግን እምብዛም አይጨምርም። የሴት ልጅ እግር ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቷ ገደማ ማደጉን ያቆማል፤ ያንቺዋ ድንቢጥ በአሥራ ሰባቷም እየጨመረች ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ብትቀጥይ የወንድ ቦት ጫማ ልሰፋ ነበር። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ አንድ ነገር ረስተሻል። ሳቋን አብረሽ ገልብጠሻታል። በአምስቱም ወረቀት ጉብታዋ ያው ቦታ ላይ ናት። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ግን በየዓመቱ ቦታ ስትቀይር ነው ያየሁት። አንድ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቦታ አይስቅም።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ትይኛለሽ። ዝም አይነቅዝም ብዬ። ከተናገርኩ ወረቀቱም ይቀራል፣ አንቺም ታፍሪና ትቀሪያለሽ፣ ያኔ ምስማሩ ላይ የምሰቅለው ምን ይኖረኛል? የሌለች ልጅ ጫማ አምስት ዓመት ሰፋሁ። ስፌቱንም አላጓደልኩም።

የእኔን ውሸት ደግሞ ስሚው። ከዚያ ክረምት ወዲህ ፓስፖርቴን ጠይቄ አላውቅም። ካቻምና ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ጠየቀ። አለቃችን ጮኸ፣ ተሳደበ፣ በአምስተኛው ቀን መሳቢያውን ከፈተለትና ሄደ። እኔ ይህን ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ሶል መምታቴን ቀጠልኩ። የተቆለፈ መሳቢያ ይመቸኝ ነበር እትዬ። እሱ ከተከፈተ እኮ መምጣት ሊኖርብኝ ነው፣ መጥቼም ልጄ አጠገቤ አልፋ ስትሄድ ማየት ሊኖርብኝ ነው። ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእሷ አንብቢላት። ምንም አትዝለይ።

ወንድምሽ

*

ነሐሴ 2

ይድረስ ለጫማ ሰፊው፣

“አባዬ” ብዬ ለመጀመር ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ስለዚህ በሙያዎ ጠራሁዎት። “እርስዎ” የምለውም ለንቀት አይደለም፤ ከማላውቀው ሰው ጋር እንደዚያ ነው የለመድኩት።

አክስቴ ደብዳቤዎን ጮክ ብላ ነው ያነበበችልኝ። ሳቁ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ አስቀመጠች። የቀረውን ራሴ አነበብኩት፣ አልዘለልኩም። ሁለታችሁም እኔን ሳትጠይቁ እግሬን ስትቀባበሉ ኖራችኋል። በዚህ ምን ያህል እንደተናደድኩ አክስቴ ትንገርዎት፤ አንድ ሳምንት አላነጋገርኳትም። ከዚያ ስታሳዝነኝ ክር አስገባሁላት።

በዘጠኝ ዓመቴ በመስኮታችሁ ባልፍ እግሬን ያውቁት እንደሆነ ጠይቄዎት ነበር። አውቀዋለሁ ብለው ጻፉልኝ። አውቶቡስ ተራ ከዋልን በኋላ ያም ውሸት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳየው ያን አንዱን አልዋሹኝም።

ይቅር ብያለሁ ማለቴ አይደለም። ሁለቱን ቀን አልረሳሁም፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ዝናብ ነበር። የፈሩትን ግን ይፍሩ፣ እኔም እፈራለሁ። መጥተው ሳይዎት ልቤ ባይራራልዎትስ?

ከዚህ ጋር የቀኝ እግሬን ልክ ልኬያለሁ። ራሴ ነኝ ያሰመርኩት፣ አክስቴ መቀሷን እንኳ አላስነካኋትም። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስለምውል እግሬ ሰፍቷል። ለማስመር ሳጎነብስ ክብደቴ ወደ ጣቶቼ ሄዷል፤ ያንን እያሰቡ ያንብቡት። ሳቅ አይፈልጉበት፤ ሰው ራሱን መኮርኮር አይችልም።

ግራው አይላክም። መጥተው ይለኩት።

*

መስከረም 20

ለድንቢጥ፣

እንደፈለግሽ ጥሪኝ፤ ሁሉም ከዝምታው ይሻላል። የቀኝ እግርሽ ደርሶኛል። የድሮዎቹን ወረቀቶች ከምስማሩ አውርጄ እሱን ብቻ ሰቅያለሁ። አውራ ጣትሽ ጎን አጥንቱ ወጣ ማለት ጀምሯል፤ ከባንኮኒው ኋላ አልፎ አልፎ እንኳ ቁጭ በይ።

ቀኙን ጫማ ጨረስኩት። የግራው ቆዳ ሳይቆረጥ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ከዚያ መዶሻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና አለቃዬን ፓስፖርቴን ጠየቅሁት። “የክረምቱ ትዕዛዝ ይለቅና” አለኝ፤ ክረምቱ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰበብ እንኳ አልፈለገልኝም። በርጩማዬን አንስቼ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት አኖርኩና ተቀመጥኩ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ጎኔ የነበረው ልጅ በአምስተኛው ቀን ነበር የተሰጠው፤ የእኔ አልተሰጠኝም። ፎቅ ላይ ያለው አልጋም ለሚሠራ ሰው ነው ብሎኛል። ባልደረቦቼ አንገታቸውን ደፍተው ይመታሉ። አልፈርድባቸውም፣ የማን አንገት እንደነበር አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ከእነሱ አንዱ ነው የሚያስገባልኝ።

ፈርቻለሁ ልጄ።

ዛሬ ጠዋት ቀኙን ጫማ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አንስቶ አገላበጠው፤ ስፌቱን በጥፍሩ ሞከረው፣ ይህን ያውቃል።

“ጓደኛውስ?” አለኝ።

“መሳቢያዎ ውስጥ ነው” አልኩት።

እስካሁን አልከፈተውም። እኔም ከፊቱ አልተነሳሁም።

አባትሽ